ተጠሪ፦ የለም

ከባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጦ የሚውል ሰው ቁጥር እንጂ ጽሑፍ የሚያነብ አይመስልም። እኔ ግን በሥራ ቀኔ ከሚያልፉብኝ ወረቀቶች ሁሉ ቀልቤን የሚይዘው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው፤ የሟች ሒሳብ ሲዘጋ ወራሾች ይዘውት የሚመጡት የፍርድ ቤት ውሳኔ። አንድ ወይም ሁለት ገጽ ነው። በራስጌው የመዝገብ ቁጥር፣ ቀንና የዳኛው ስም አለ። ከዚያ «አመልካች» ይልና ስሞች ይደረድራል። ከሥሩ፣ በሌላ ክስ ባለጋራ በሚጻፍበት ቦታ ላይ፣ ሁለት ቃል ብቻ ይቀመጣል፦ «ተጠሪ፦ የለም»።

የሕጉ ምክንያት ቀላል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 996 ላይ፣ ወራሽ የሆነ ሰው ወራሽነቱንና የሚደርሰውን ድርሻ የሚያረጋግጥ ወረቀት እንዲሰጠው ዳኞችን መጠየቅ ይችላል ይላል። ጠያቂው ማንንም አይከስም፤ ማንም ካልተከሰሰ ደግሞ መልስ ሰጪ አይኖርም። ይሁን እንጂ «የለም» የምትለዋ ቃል በየጊዜው ታስቆመኛለች። ከእነዚያ መዝገቦች በአንዱ ውስጥ የእኔም ስም አለ።

አያቴ በ1996 ዓ.ም. ደሴ ላይ ዐረፉ። አርባቸው ከወጣ በኋላ አጎቶቼና አክስቴ ሳጥናቸውን ሲከፍቱ፣ ከነጠላና ከአሮጌ ደረሰኝ መካከል ዳዊታቸው ተገኘ፤ በዳዊቱ የመጨረሻ ባዶ ቅጠል ላይ ደግሞ በራሳቸው እጅ የተጻፈ ኑዛዜ። ዕድሜያቸውን በጽሕፈት ሥራ የኖሩ ሰው ነበሩና ፊደላቸው እንደ ብራና ጽሑፍ የቆመ ነበር። ትልልቆቹ መነጽር ፈልገው ሲያጡ፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩና «አንተ ዓይንህ ደህና ነው፣ አንብበው» ተባልኩ። ቆሜ አነበብኩ። ቤቱን ለልጆቻቸው እኩል ይሰጣሉ፤ በጓሮ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ግን «በቤቴ ላደገችው ልጄ» ይላሉ፤ ስሟን ጠርተው። ቀኑ በ1985 ዓ.ም. ነው፤ ፊርማቸውም አለ።

ይህች ልጅ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከሰሜን ከመጡት አንዷ ናት። ሰባት ዓመት ገደማ ሳለች አያቴ ወደ ቤት አስገቧት፤ ማንም ሊፈልጋት አልመጣም። ልክ እንደ አባቴ «አባባ» ብላ ነበር የምትጠራቸው፤ ሲታመሙም ያስታመመቻቸው እርሷ ነበረች። እኔ እትዬ እላታለሁ።

ወደ እርሷ እመለሳለሁ። አስቀድሜ ግን የአያቴ እጅ ለምን ወደ ዳዊት ጀርባ እንደሄደ ላንሣ፤ ይህ የአንድ ሽማግሌ አመል ብቻ አይደለምና።

በጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ፣ ስጦታ፣ ውርስና የርስት ክርክር ስምምነት የሚጻፈው በአብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነበር። ከወንጌሉ ወይም ከገድሉ ጽሑፍ ዳር፣ ብዙ ጊዜ በአማርኛ፣ እገሌ ይህን መሬት በዚህ ዋጋ ለእገሊት እንደሸጠ ወይም እንዳወረሰ ይሰፍራል፤ ሴቶች በሻጭነትም፣ በገዥነትም፣ በአውራሽነትም ደጋግመው ይታያሉ። እንደ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ያሉ፣ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዘመን የተከሏቸው ታላላቅ አድባራት የጸሎት ቤቶች ብቻ አልነበሩም፤ መዝገብ ቤቶችም ነበሩ። መጽሐፉ አይጠፋም፣ ካህኑ ይጠብቀዋል፣ ያልታዘዘ እጅም ገጹን ለመፋቅ ይፈራል።

እነዚያን ጽሑፎች ባነበብኩ ቁጥር ግን የሚያስደንቀኝ ውሉ ሳይሆን ከውሉ በኋላ የሚመጣው የስም ዝርዝር ነው። አለቃው፣ ሹሙ፣ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ አንዳንዴ ዐሥር፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ሰው፣ በእማኝነት ይጠራል። ውሉ አንድ መስመር፣ ምስክሩ ሦስት መስመር የሆነበት አለ። ወረቀቱን ወረቀት ያደረገው ቀለሙ ሳይሆን ሲነገር የሰማው ጆሮ ብዛት ነበር ማለት ነው። መጨረሻ ላይም ቃሉን የሚያፈርሰውን የሚያስር ውግዘት ይቀመጣል፤ የዛሬው የፍርድ ቤት ማኅተም የወረሰው የዚያን ውግዘት ቦታ ይመስለኛል።

የዚህ መዝገብ ቤት ዕጣ ሌላ ታሪክ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ወደ መቅደላ አጓጉዘው ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከእነዚህ ብራናዎች በመቶ የሚቆጠሩት ወደ ለንደን ተወሰዱ፤ በብሪቲሽ ሙዚየም፣ በኋላም በብሪቲሽ ላይብረሪ ተቀመጡ። ዘራፊው ወንጌልና ገድል የወሰደ መስሎት ይሆናል። በኅዳጉ ላይ ግን የጎንደር ሰዎች ማን ማንን እንደወረሰ ይዞ ሄዷል። ስለዚህ የጎንደርን መሬት ታሪክ የሚያጠና ምሁር ዛሬም የሟች መዝገብ የሚያስወጣው ቴምዝ ወንዝ ካለበት ከተማ ነው። እኛ የግልባጭ ወረፋ ረዘመብን ብለን እናማርራለን።

የተጻፈው ይህን ያህል ሲሆን ያልተጻፈው ይበልጣል። አብዛኛው ሰው ኑዛዜውን በቃሉ ይናገር ነበር። ሞት ሲቃረብ የንስሐ አባትና ሽማግሎች ይጠራሉ፤ ታማሚው ዕዳውን፣ አደራውን፣ የልጆቹን ድርሻ እየጠራ ይናገራል። አንባቢ ሆይ፣ አማርኛችን ኃጢአትን ለካህን መንገርንና ንብረትን ለወራሽ ማደልን በአንድ ቃል «ኑዛዜ» ብሎ መጥራቱን ልብ ብለኸው ታውቃለህ? ሁለቱም በአንድ አልጋ ዳር፣ በአንድ ሰው ፊት ይፈጸሙ ነበርና ሁለት ቃል አላስፈለገም። ፍትሐ ነገሥትም እንዲሁ ነው። በ13ኛው መቶ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ የተዘጋጀው፣ በኋላም ወደ ግእዝ የተመለሰው ይህ መጽሐፍ በ51 አንቀጾቹ ውስጥ የነፍሱንና የሥጋውን ሕግ አብሮ ሲይዝ፣ ኑዛዜንና ውርስን ከሥጋዊው ወገን ቢያስቀምጣቸውም የሚያነባቸውና የሚተረጕማቸው ያው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበር።

ሞግዚትነትን በተመለከተ የአገራችን ትልቁ ጉዳይ የተከፈተው በየትኛውም መዝገብ ቤት አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ሕመም ሲጸናባቸው በግንቦት 1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ፣ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውን ደግሞ ሞግዚትና እንደራሴ አድርገው በአዋጅ አስነገሩ። ኢያሱ ገና ልጅ ነበር። አዋጁ እንደ ጎንደሩ ኅዳግ ጽሑፍ እርግማን ነበረው፤ ቃሉን ለሚያፈርስ ብቻ ሳይሆን ኢያሱ ራሱ አገር ቢበድል ለእርሱም። ሕዝብ ሁሉ ሰምቷል፤ እማኝ አልጎደለም። የጎደለው ሞግዚቱ ቢሞትስ የሚለው ጥያቄ ነበር። ራስ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ሞቱ፤ በእግራቸው የተተካ ሞግዚት የለም። አውራሹ ንጉሥ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉም ሞታቸው ለጊዜው ተሸሸገ። ዛሬ አንድ ወራሽ የሞት ማስረጃ ሳያያይዝ ማመልከቻ ቢያቀርብ ሬጅስትራሩ መዝገብ አይከፍትለትም፤ ያኔ ግን የአንድ አገር ውርስ ያለ ሞት ማስረጃ ከረመ። ፍጻሜው ይታወቃል፤ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ከዙፋኑ ተነሣ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ ነገሩ መልክ መያዝ ጀመረ። ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. መታተም ሲጀምር፣ በዚያው ዓመት የወጣው የዳኝነት አስተዳደር አዋጅ ፍርድ ቤቶችን በደረጃ አቋቋመ። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 62 ደግሞ የሙስሊሞች የጋብቻና የውርስ ጉዳይ በቃዲዎች ዘንድ እንዲታይ መሠረት ሰጠ። አያቴ በኖሩባት ደሴ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ሳምንት ሲሞቱ የአንዱ ልጆች ወደ ወረዳው፣ የሌላው ልጆች ወደ ሸሪዓው ፍርድ ቤት መሄዳቸው ማንንም የሚያስገርም አልነበረም።

ከዚያ የፍትሐ ብሔር ሕጉ መጣ። 3,367 ቁጥሮች ያሉት፣ ረቂቁን ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ረኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት፣ ወደ አማርኛ የተመለሰ ትልቅ መጽሐፍ። የሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ይህን ሕግ እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ዝርው ጽሑፍ ቢያነቡት እመክራለሁ፤ አማርኛው የሚደናቀፍበት ቦታ ቢኖርም የኑዛዜው ክፍል ግን ቁጥብና ጥርት ያለ ነው። ኑዛዜን በሦስት ይከፍላል። የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረግ ነው፤ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል። ሁለተኛው በተናዛዡ ጽሑፍ የሚደረግ ነው፤ ምስክር አይፈልግም፤ ሁሉንም በራሱ እጅ መጻፉ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገሩ፣ ቀንና ፊርማ መኖሩ ይበቃዋል። ሦስተኛው የቃል ኑዛዜ ነው፤ በሁለት ምስክሮች ፊት ይነገራል። ያ የጥንቱ የአልጋ ዳር ንግግር እዚህ ደርሶ ጠቦ እናገኘዋለን፤ ሰው በቃሉ ማዘዝ የሚችለው ስለ ቀብሩ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ፣ እንዲሁም አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆቹ ስለሚሆን አሳዳሪና ሞግዚት ብቻ ነው። እርሱም በሦስት ወር ይከስማል።

ዕድሜ የተቆረጠለት የቃሉ ብቻ አይደለም። ቁጥር 903 በተናዛዡ ጽሑፍ የተደረገ ኑዛዜ ከተጻፈ በኋላ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ካልተቀመጠ ፈራሽ ነው ይላል። በሰው ፊት የተነበበው ኑዛዜ ይህ ገደብ የለበትም። ሕጉ ባሕር ተሻግሮ ቢመጣም ከጎንደሮቹ ጋር የተስማማበት ነጥብ ይህ ነው፦ ሌላ ሰው ያልሰማውን ወረቀት አያምነውም።

አያቴ ይህን አላወቁም። የጻፉት በ1985 ዓ.ም.፣ የሞቱት በ1996 ዓ.ም. ነው።

አጎቴ ዳዊቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግተው ከሚቀመጡት ራፖር ጻፊዎች ወደ አንዱ ሲሄድ ተከትዬው ነበር። ሰውየው ገጹን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «እጅ ይባርካል፤ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ዛሬ የለም» አሉ። ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩ። ዐሥራ አንድ። «ፈርሷል። ከመዝገቡ ጋር ባታያይዙት ይሻላል፤ ያለ ኑዛዜ እንደሞቱ ተደርጎ ይቅረብ።» አጎቴ ዳዊቱን መልሶ ጠቀለለው። በቤተሰቡ ውስጥ ከዚያ በኋላ ስለዚያ ቅጠል የተነጋገረ ሰው አላስታውስም።

ማመልከቻው ያን ቀን ተጻፈ። ለአንባቢ ሥርዓቱን ባጭሩ ልንገር፤ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ዛሬም ብዙ አልራቀም። ማመልከቻ፣ ቃለ መሐላ፣ የሞት ማስረጃና የምስክሮች ስም ዝርዝር ለመዝገብ ቤት ይቀርባል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ ከ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ሞትን የሚያስረዳው የሐኪም ቤት፣ የቀበሌ፣ የቤተ ክርስቲያን ወይም የዕድር ደብዳቤ ነበር። የዕድሩ ጸሐፊ «አባላችን ነበሩ፤ ቀብረናቸዋል» ብሎ ሲጽፍ ከዚያ የበለጠ ማስረጃ ምን ይመጣል! ሬጅስትራሩ አገላብጦ ካየ በኋላ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቀጠሮ ይያዛል፤ መቃወሚያ ያለው እንዲቀርብ በጋዜጣ እንዲነገር ሊታዘዝ ይችላል። ምስክሮች ይሰማሉ። ውሳኔው ሲወጣ ግልባጩ ላይ «ትክክለኛ ግልባጭ ነው» የሚል ማኅተም ያርፍበታል።

እትዬ ከዚህ ሁሉ ውስጥ የትም የለችም። ኑዛዜ ከሌለ ሕጉ በመጀመሪያ የሚጠራው የሟችን ልጆች ነው፤ ወንድና ሴት ሳይል በእኩል። እርሷ ልጅ እንድትባል ደግሞ ጉዲፈቻ ያስፈልግ ነበር፤ የጉዲፈቻ ውል በፍርድ ቤት ካልጸደቀ አይጸናም። በ1977 ዓ.ም. ክረምት የተራበች ልጅ ከመንገድ አንሥቶ እንጀራ ያቀረበላት ሽማግሌ በማግሥቱ ውል ሊያጸድቅ ፍርድ ቤት አይሄድም። የገጠር ርስታቸውን በየካቲት 1967ቱ አዋጅ አጥተው ስለነበር የቀራቸው አንድ የከተማ ቤት ብቻ ነበር። ቢበዛ ኖሮ ልባችን ይሰፋ ነበር ይሆን?

በአንጻሩ እኔ በመዝገቡ ውስጥ ነበርኩ። አባቴ ከአያቴ ቀድሞ ስለሞተ በእርሱ ቦታ ተተክቼ የአንድ ልጅ ድርሻ፣ ሩብ፣ ደረሰኝ። አካለ መጠን ስላላደረስኩ እናቴ የሞግዚትነት ማረጋገጫ አወጣች። በሕጉ አማርኛ አሳዳሪና ሞግዚት ይለያያሉ፤ አሳዳሪ የልጁን አካል ይጠብቃል፣ ሞግዚት ንብረቱን። ዛሬ በከተማው ሞግዚት ሲባል ሕፃን ለመጠበቅ የተቀጠረች ልጅ ናት የምትታወሰን፤ ሕጉ ግን ቃሉን እንደ ራስ ተሰማ ላለ ሰው ነው ያቆየው። አሳዳሪ የሚለው ይበልጥ ደስ ይለኛል። ማሳደር ነው ግንዱ፤ ሌሊቱን በቤትህ እንዲያልፍ ማድረግ። አያቴ ለእትዬ አሳዳሪ ነበሩ፤ ማንም የምስክር ወረቀት አልሰጣቸውም እንጂ።

ቤቱ በዓመቱ ተሸጠ። ወራሾቹ ቢፈልጉ ሁለቱን ክፍሎች በስጦታ ሊተዉላት ይችሉ ነበር፤ የከለከለ ሕግ የለም። ለእርሷ ለመንገዷ ተብሎ ጥቂት ገንዘብ ተዋጣ። የእኔ ሩብ በስሜ በባንክ ተቀመጠ፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንክ የገባሁት ያኔ ነው። በ2001 ዓ.ም. ዐሥራ ስምንት ሲሞላኝ አወጣሁት፤ የተማርኩት በእርሱ ነው።

አሁን በመስኮቱ በዚህኛው ወገን ተቀምጫለሁ። ባሏ የሞተባት ሴት ትመጣለች። በሕጋችን ያለ ኑዛዜ የሞተ ባል ሚስቱን አያወርስም፤ የጋራ ሀብቱን ግማሽ በራሷ መብት ትወስዳለች እንጂ ከወራሾቹ ተርታ የለችም። ስለዚህ የሚስትነቷን ወረቀት፣ የልጆቿን የወራሽነት ወረቀት፣ የራሷን የሞግዚትነት ወረቀት አብራ ትይዛለች። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከወላጆች አንዱ ሲሞት ሌላው ያለ ተጨማሪ ሹመት አሳዳሪና ሞግዚት መሆኑን ይናገራል። እኛ ግን ወረቀቱን እንጠይቃታለን። «የወለድኳቸው እኔ አይደለሁም ወይ?» ያለችኝ ሴት ነበረች። መመሪያውን አሳየኋት። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱን ይዛ ተመለሰች፤ ስትፈርም ቀና ብላ አላየችኝም።

ባለፈው ዓመት ደሴ በሄድኩ ጊዜ ወደዚያ መዝገብ ቤት ገብቼ የውሳኔውን ግልባጭ ጠየቅሁ። የሃያ ዓመት መዝገብ ነው፤ ሠራተኛዋ አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ አመጣችልኝ። አራተኛ አመልካች እኔ ነኝ፤ ከስሜ አጠገብ «በሞግዚታቸው» ይላል። ከሥር «ተጠሪ፦ የለም»።

ዳዊቱ እኔ ዘንድ ነበር። ከሰዓት በኋላ ይዤላት ሄድኩ፤ ከከተማው ዳር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ቡና አፈላች። መጽሐፉን ከጋዜጣው አውጥቼ ስሰጣት ተሳለመችው፣ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። የመጨረሻውን ቅጠል ልገልጥላት እጄን ስዘረጋ መለሰችኝ።

«ተወው፤ ያን ቀን ጓዳ ነበርኩ» አለችኝ። «ስታነበው ሰምቻለሁ። አንድ ቃል ላይ ብቻ ነው የተሰናከልከው።»

የትኛው ቃል እንደነበር አልጠየቅኋትም። ሁለተኛውን ስኒ ቀዳችልኝ።